ሁለት እጅ ካልተነሳ

በመኪና መገጣጠሚያው ውስጥ የአባቱን ስም የሚያውቅለት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ማጠፊያው» ነው፤ ከእሱ የሚያንሱት «ጋሽ ማጠፊያው» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት አንድ ቀልደኛ ቀለም ቀቢ ነው። የበር ማጠፊያ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ሲዳብስ አየውና፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ በር የሚገጥም አይመስልም፤ ሴት ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው» አለ። ሰው ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ተለጥፎበት ቀረ።

ሥራው የግራ በር ነው። ቀለም ተቀብቶ የደረቀው ቦዲ በር የለው፣ መስታወት የለው፣ ወንበር የለው፣ ራቁቱን በመስመሩ ላይ እየተንፏቀቀ ይመጣል። ማጠፊያው በግራ ይቆማል፤ ጓደኛው በቀኝ። በመካከላቸው ባዶ ቦዲ ስለሆነ ያለው፣ አንዱ ቀና ካለ የሌላውን ፊት በወዲያኛው በር ቦታ ያየዋል። በአየር የሚሠራው መፍቻ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ተጣርቶ መግባባት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በሩን ገጥሞ የጨረሰ ሰው መዳፉን ዘርግቶ እጁን ከጣሪያው በላይ ያነሳል። ሁለት እጅ ሲታይ መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው ቁልፍ ላይ የቆመው ሰው ይጫናል፤ መኪናው ወደፊት ይሄዳል። ሁለት እጅ ካልተነሳ አይሄድም።

ይህን ደንብ የጻፈው የለም። ድሮ አንድ ሰው ጣቱ በሩ መሃል ሳለ መስመሩ ተንቀሳቀሰበት፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ፎርማን ተለወጠ፣ መኪና ተለወጠ፣ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ሄደ። እጅ ማንሳቱ ግን እንዳለ ቆየ።

የቀኙ ሰው ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ጡረታ ሲወጣ ማጠፊያው ሴት ልጁን እንዲቀጥርለት ፎርማኑን ደጅ ጠና። ልጁ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ጫማዋን ጨርሳ፣ መጨረሻ ላይ ከቤት መውጣት ትታ ነበር። ፎርማኑ እሺ አለ፤ ግን በኮንትራት። በኮንትራት የገባ ሰው የሠራተኛ ማኅበሩ አባል አይሆንም፤ ድምፅ አይሰጥም፤ ነገ ውጣ ቢባል «ለምን?» የሚልለት የለም። «ለጊዜው ነው» አለ ፎርማኑ። «አዲሱ መኪና ሲመጣ ሁሉም ቋሚ ይሆናል።» ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ማጠፊያው ግን ወተቱን የቀመሰ ያህል ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ገና ከጅምሩ አልወደደችውም። «አንተን የበላ ፋብሪካ አልጠገበም ብለህ እሷን ልትጨምርለት ነው?» አለችው።

«ሥራ ነው እኮ፤ ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ልጄን አደራ።»

ልጁን ሚጣ ይላታል። ትልቅ ሴት ሆና፣ ከእሱ በቁመት በልጣም፣ ሚጣ ነች። የመጀመሪያ ቀን ከቀኝ በኩል ስትቆም ያ ቀለም ቀቢ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ጋሼ፤ ዛሬ በሩ መንገድ ላይ ነው የሚወድቀው» ብሎ አሾፈባት። ሚጣ ሥራዋን ቀጠለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን አንዱን የገጠመችውን በር ከፍታ «ና ተንጠልጠልበት» አለችው። ተንጠለጠለበት። በሩ ንቅንቅ አላለም፤ መስመሩ ሁሉ በሳቅ አውካካ። የማጠፊያው አንጀት ያን ቀን ቅቤ ጠጣ።

አባትና ልጅ ፊት ለፊት እየተያዩ ዓመታት ሠሩ። በስንት ቤት አባትና ልጅ ሳይተያዩ ይኖራሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ቀኑን ሙሉ በባዶ መኪና ውስጥ አሻግረው ሲተያዩ ነው የሚውሉት። ከመላመዳቸው ብዛት አንዱ እጁን ሲያነሳ የሌላው እጅ ሳይታዘዝ ይከተላል። ቤትም ይዘውት ገቡ። ማጠፊያው እራቱን በልቶ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋው ሚጣ ከወዲያ ማዶ ቀስ ብላ መዳፏን ታነሳለች። ዓይኑን በከፊል ገልጦ ያያትና የእሱም እጅ ብድግ ይላል፤ ከዚያ እጁ እንደተሰቀለ ያንቀላፋል። እናትየው እስክታነባ ትስቃለች። «አንተ ሰውዬ! ብትሞት እንኳ እሷ እጇን ካነሳች ከሳጥኑ ውስጥ ታነሳለህ» ትለዋለች።

ለጡረታ ጥቂት ነው የቀረው። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ፋብሪካ ሳይወጣ ሚጣ ቋሚ ሆና ማየት።

በዚያን ጊዜ የሚሠሩትን የቤተሰብ መኪና «ድንቡሼ» ይሏት ነበር። ከፍ ያለች፣ ሆደ ሰፊ፣ ሰባት ሰው የምትይዝ፣ ልጅ ቢያስታውክባት ታጥባ የምትገባ፣ ፍራሽና ብስክሌት ጭና የማታማርር መኪና ነበረች። ይሁን እንጂ ድንቡሼ አረጀች። ገዢ ፊቱን አዞረባት፤ ግቢው ውስጥ ተሠርተው ያልተሸጡት ተደርድረው አቧራ ይጠጡ ጀመር። አንድ ቀን ሠራተኛው ወደ ትልቁ አዳራሽ ተጠራ። በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ጨርቁን ሲገፉት አዲሲቱ መኪና ብቅ አለች። ቀለም ቀቢው ገና እንዳያት «ሙሽሪት» አላት፤ ስሟ ሆነ።

በሰልፍ እያለፉ እንዲያዩዋትና አስተያየት እንዲሰጡ ተነገራቸው። አስተያየት የለመነው ሰው ግን አስተያየት ሲመጣ አይወድም፤ ሥራ አስኪያጁም ፈገግታቸው እየሳሳ ሄደ። «ፊቷ ተቆጥቷል» አለ ቀለም ቀቢው። «የቤተሰብ መኪና ምን አስቆጣት? ልጆቹ ሳይጫኗት ነው የሰለቿት?» ከወንበር ሰፊዎቹ አንዷ ሦስተኛው ወንበር ላይ ገብታ ለመውጣት ስትታገል ቆየችና «እዚህ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን ቤቱ ትቶ ይምጣ» አለች። ሌላው መሪው አጠገብ ያለውን ትልቅ ስክሪን እያየ «ሲኒማ ቤት ነው እንዴ የምንሠራው?» አለ። የኮንትራት ሠራተኞች ከሁሉም በኋላ አለፉ፤ እነሱን የጠየቃቸው የለም። ሚጣ ግን የኋላ መስኮቷን በእጇ ለካች። ኋላ ቤት ሲገቡ ለአባቷ «መስኮቱ ለሕፃን ከፍ ይላል። ልጅ ምን እያየ ሊሄድ ነው?» አለችው።

ማጠፊያው ወደ ግራ በር ሄደ። ከፈተ፤ ዘጋ። ድንቡሼ በሯ ሲዘጋ ጓ ትላለች፤ ይህች ግን ጥፍ ብላ ዝም። ደግሞ ከፈተና ዘጋ። ያ ድምፅ ሆዱ ውስጥ ገባ። የበሩን ማጠፊያ ሲዳብስ አጠገቡ ጎድጎድ ያለች፣ ምን እንደምትሠራ ያላወቃት አንዲት ቦታ አገኘ፤ ጣቱ ገብቶ አይሞላትም። «ይህቺ ደግሞ ምንድን ነች?» አለ ለራሱ፤ አለፋት። ሥራ አስኪያጁ «እሺ አባት፣ አስተያየትዎ?» ሲሉት «በሯ ጥሩ ነው» አለ። ፊታቸው በራ።

ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዋናውን ነገር አመጡ። ሙሽሪት እዚህ ትሠራ ወይስ ሌላ ፋብሪካ ትሂድ ገና አልተወሰነም፤ የሚወስኑት ሠራተኞቹ ናቸው። ማኅበሩ በአዲሱ ስምምነት ከተስማማ ቋሚ ሠራተኛ አንድም ሰው ከቦታው አይነሳም፤ ጡረታውም አይነካም። የኮንትራት ሠራተኞችን ቋሚ የማድረጉ ጥያቄ ግን ወደፊት ይታያል። ካልተስማሙ ሙሽሪት ሌላ ቤት ትዳራለች፤ የዚህ ቤት በርም ይዘጋል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጥሩ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። ችግሩ ንግግሩን ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ መጀመሩ ነው። ያን ቀንም እንደዚያው ጀመረና ሲጨርስ ስምምነቱን መቀበል ነው የሚያዋጣው አለ። ከኋላ አንዱ «ድሩ ሲያብር አላየንም፤ አንበሳው ግን ይኸው ፈገግ ብሎ ቆሟል» አለ። ማንም አልሳቀም።

ያን ሰሞን ቤታቸው ጭቅጭቅ አደረበት። የሚስቱ ወንድም ጎማ ነጋዴ ነው፤ ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ አለው፤ ሐሳቡንም ሳይጠየቅ ያድላል። ሻይ እየጠጣ «ማኅበር ማኅበር ስትሉ ፋብሪካውን ታባርሩታላችሁ፤ ከዚያ ማኅበራችሁን ስትገጣጥሙ ትኖራላችሁ» አለ። «ደግሞ መኪናዋን በሥዕል አየኋት። ግሩም ነች! የመጀመሪያዋን እኔ ነኝ የምገዛው።»

«አጎቴ፣ የሚሠሯትስ ሰዎች?» አለች ሚጣ።

«የሚሠራ ሞልቷል የኔ ልጅ። የሚገዛ ነው የጠፋው።»

ሚጣ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ‹ወደፊት ይታያል› ማለት ‹ደህና ሁኑ› ማለት እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እና አንተ ምን ታደርጋለህ?»

ሚስቱ ሻዩን ትታ አየችው። ያ አስተያየት ሁለት ነገር ነበረው፤ ልጄንም አትሽጣት፣ እርጅናችንንም አትሽጠው የሚል። ምን ታድርግ፤ ሁለቱም ያስፈራሉ። ማጠፊያው ግን አላመነታም። «እጄን አላነሳም» አለ። «ሚጣ፣ ስሚኝ። ይሄ እጅ ለዚያ ነገር አይነሳም። ከፈለጉ ይቁረጡት።»

ሚጣ ተነስታ ግንባሩን ሳመችው። በማግስቱ ፋብሪካ ውስጥ ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ተናገረ። «ልጆቻችንን ሸጠን ጡረታ አንበላም» አለ ምሳ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ድምፁ የማይሰማው ሰውዬ። ሰዎቹ ከአፉ ነጠቁት። ሽማግሌው እንዲህ ካለ፣ የጡረታ አፋፍ ላይ የቆመው ሰው ካልፈራ፣ እኛ ምን ያስፈራናል ተባባሉ። የወንበር ሰፊዋ እህትም በኮንትራት የገባች ነች፤ ሰፊዋ መጥታ ሁለት እጁን ይዛ «እርስዎን ነው የማየው ጋሼ» አለችው።

የድምፁ ቀን ስብሰባው እዚያው ሥራ ቦታቸው ላይ ሆነ። መስመሩ ቆመ፤ ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ ሲል ሰው የራሱን ትንፋሽ መስማት አሳፈረው። ድምፅ የሚሰጡት ቋሚዎቹ ከመስመሩ በግራ በኩል ተሰበሰቡ። የኮንትራት ሠራተኞች መስማት ይችላሉ ተብለው በቀኝ በኩል ቆሙ። ማጠፊያው የቆመበትን ቦታ የመረጠው እግሩ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቆምበት ነበር። ከፊቱ በር ያልተገጠመላት አንዲት ድንቡሼ ቆማለች።

ሊቀመንበሩ በርሜል ላይ ወጥቶ ድሩንም አንበሳውንም ከጨረሰ በኋላ «የምትደግፉ እጅ» አለ።

እዚህም እዚያም ጥቂት እጅ ወጣ። ሌላው ጎንና ጎኑን እያየ ቆመ። ሊቀመንበሩ ላቡን ጠርጎ ደገመ። «የምትደግፉ! ግልጽ ይሁን፤ ነገ ማዘን የለም።» የብዙ ሰው ዓይን ወደ ማጠፊያው ዞረ። እሱም ያውቀዋል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሟል። ሰው ሁሉ ሲያየው ጭንቅ አለው፤ መሸሻ ሲፈልግ ዓይኑ በባዶዋ ድንቡሼ ውስጥ አልፎ ወዲያ ማዶ ወደቀ።

ሚጣ እዚያ ነበረች። በራሷ ቦታ፣ በቀኝ በር በኩል። ሲያያት ፈገግ አለችና መዳፏን ዘርግታ ከጣሪያው በላይ አነሳች።

የማጠፊያው እጅ ተነሳ።

ሳያስበው ነው። ትከሻው ነው ያነሳው እንጂ እሱ አይደለም፤ ዓመታት ሙሉ ለዚያች እጅ ሲመልስ የኖረ ትከሻ። ከኋላው «ማጠፊያው አነሳ!» የሚል ሹክሹክታ ሰማ። ወዲያው አንድ እጅ፤ ከጎኑ ሌላ፤ ከዚያ በስተኋላ ብዙ። ቀለም ቀቢው አነሳ። ወንበር ሰፊዋ ማጠፊያውን አየችው፣ ደጋግማ አየችው፣ ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን ጨፍና አነሳች። ያኔ ነው ምን እንዳደረገ የገባው።

እዚህ ላይ መሸፋፈን አያስፈልግም። እጁን ለማውረድ ጊዜ ነበረው። ሊቀመንበሩ ቆጠራውን ከወዲያኛው ጫፍ ነው የጀመረው፤ ሲቆጥር ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ማጠፊያው ቢፈልግ እጁን ማውረድ ብቻ ሳይሆን «ተሳስቼ ነው ሰዎች» ብሎ መጮህም ይችል ነበር። አልጮኸም። ይህ ሁሉ ሰው ምን ይለኛል አለ። ደግሞም፣ ነገሩ ከባድ ነው እንጂ፣ እጁ አንዴ ከወጣ በኋላ ደረቱ ላይ ተጭኖት የቆየው ነገር ቀለል አለው። ጡረታው አለ። ቤቱ አለ። ሚስቱ አትራብም። ያቺም በር፣ ጥፍ የምትለው፣ የእሱ ትሆናለች። እጁ የወጣው ሳያስበው ነው፤ እዚያው የቆየው ግን እያሰበ ነው።

የሚጣ እጅ ቀስ እያለ ሲወርድ አየው። ከዚያ በኋላ የተቆጠረውን አልሰማም።

ስምምነቱ አለፈ። ሊቀመንበሩ ከበርሜሉ ወርዶ እጁን ጨበጠውና «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ይሄ ቤት ተዘግቶ ነበር» አለው። ከዚያ የባሰው ቀለም ቀቢው ነው። ያ ቀልደኛ ቀልዱን ትቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ ጋሼ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው። እኛም ያው ነን፤ አንተ ቀድመህ ባታነሳ እኔም አፍሬ አላነሳም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥህ።»

ሚጣ እንደ ወትሮው የፋብሪካው በር ላይ ጠበቀችው። ጎን ለጎን ሄዱ። የዳቦ ቤቱን አለፉ፤ የልብስ ሰፊውን አለፉ። የሰፈራቸው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ መታገስ ያቃተው እሱ ነው።

«ሚጣ፣ እጄ ለምዶበት ነው። በእናትሽ እምልልሻለሁ። አንቺ ስታነሺ እኮ ነው…»

«አውቃለሁ» አለች። «አይቻለሁ።»

«ለምን አነሳሽ ታዲያ? ለምን?»

«እዚህ ነኝ ልልህ ነዋ። ሰው ሁሉ ሲያይህ ጊዜ ብቻህን እንዳይመስልህ ብዬ።»

ማጠፊያው ቆመ። እሷም ቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ቁጣ የለም፤ እንደ ሕፃን ግራ የተጋባ ፊት ነበር። «እሺ አባዬ፣ እጅህ ለምዶበት ተነሳ። ለምን አላወረድከውም?»

መልስ ጠበቀች። አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ በመካከላቸው አለፈ። ማጠፊያው መሬት መሬቱን አየ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል? ወለምታ ብቻ ቢሆን ደግሞ ምንኛ በታደለ። ሚጣ መንገዷን ቀጠለች። እሱም ከኋላዋ ተከተለ።

ቤት ሲገቡ እናትየው ሁለቱንም አየቻቸው። እራት አቀረበች፤ ማንም በቅጡ ሳይበላ አነሳችው። ወደ መኝታ ሲሄዱ ብቻ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ «አደራ ብዬህ ነበር» አለች። ቆይታ ደግሞ «እኔም በሆዴ ጡረታው አይቅር ብዬ ነበር። እኔንም እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች። ሁለት ሽማግሎች ጎን ለጎን ተጋድመው፣ አንዱ ሌላውን ማጽናናት ተሳነው።

ነገሩ አልዘገየም። አዲሶቹ ማሽኖች በትልልቅ ሳጥን መጡ። የኮንትራት ሠራተኞች አንድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ተጠርተው ተመሰገኑ። ሥራ አስኪያጁ «ቤተሰባችን ናችሁ» አሏቸው፤ ቤተሰብ እንዲህ የሚሸኝ ከሆነ ባዕድ ምን ሊያደርግ ነው። ሚጣ የዚያን ቀን እስከ ደወሉ ድረስ ሠራች። የመጨረሻዋን ድንቡሼ ቀኝ በር እንደ ሁልጊዜው አጥብቃ ገጠመች፤ ከፍታ ዘጋች፤ እጇን አነሳች። ማጠፊያው ዓይኑ እንባ ሞልቶ የራሱን ቡሎን ማየት አቅቶት ነበር። እጇን ሳታወርድ ጠበቀችው። ሲጨርስና የእሱም እጅ ሲነሳ መኪናዋ ሄደች። ሚጣ ጓንቷን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለችና ወጣች።

በሷ ቦታ ሮቦት ቆመ። ያቺ ከበሩ ማጠፊያ አጠገብ የነበረች ጎድጎድ ያለች ቦታ የምን እንደሆነች ያኔ ታወቀች፤ የሮቦቱ ጥፍር የሚይዝባት ነች። መኪናዋ ገና ስትታሰብ ቀኙ በር ላይ ሰው አልታሰበም። ግራውስ? ግራው ላይ ቋሚ ሠራተኛ አለ፤ ስምምነቱ ቋሚ ሰው ከቦታው አይነሳም ይላል፤ ስለዚህ የግራው ሮቦት ማጠፊያው ጡረታ እስኪወጣ ሳጥኑ ውስጥ ይጠብቃል። ሳጥኑን ከጀርባው ነው ያስቀመጡት። ቀና ሲል የሚያየው ፊት የለም፤ አንድ ብረት ጎንበስ ቀና ይላል። ሮቦቱ ሲጨርስ አረንጓዴ መብራት ያበራል እንጂ እጅ አያነሳም። ማጠፊያው ግን እጁን ያነሳል። ቁልፍ ላይ ያለው ሰው ምን ቢያዝንለት ነው፣ ያቺን እጅ ሳያይ አይጫንም።

ሚጣ ብዙ ቆይታ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማራገፍ ጀመረች፤ አንድ ቀን ሥራ አለ፣ ሦስት ቀን የለም። ቤት ውስጥ አባቷን አላኮረፈችም። ሻይ ታቀርብለታለች፤ ሸሚዙን ትተኩሳለች። ነገር ግን አንድ ቀን «አባቴ፣ እርስዎ ውሃ ይፈልጋሉ?» አለችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ስትለው የኖረች ልጅ። የቀለደች መስሎት ሳቀ፤ አልቀለደችም። ከዚያ ወዲህ እርስዎ እንዳለችው ቀረች። ሰው አክብሮት ሲጎድልበት ይናደዳል፤ ማጠፊያው ግን በአክብሮት ተቀጣ። ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋም እጅ የሚያነሳለት የለም። አንዳንዴ ሆን ብሎ ዓይኑን በከፊል ከድኖ ይጠብቃል።

አንድ እሑድ ጎማ ነጋዴው ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። ሙሽሪትን ገዝቷል። ነጭ ነች፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ከበባት፤ ሕፃናት የተቆጣ ፊቷን እየዳበሱ ይስቃሉ። «ኑ ውጡ!» አለ። «እናንተው የሠራችኋት አይደለች? ዛሬ በገዛ ሥራችሁ ትንሸራሸራላችሁ።» ሚጣ እንቢ አለች። እናትየው ግን ጎትታ አወጣቻት። «ለእኔ ብለሽ የኔ እናት። አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው አብረን እንውጣ።»

እናትየው ከፊት ተቀመጠች። ሚጣ በቀኝ፣ ማጠፊያው በግራ ከኋላ ገቡ። በመካከላቸው ሰው የለም። ማጠፊያው በሩን ሳበው። ጥፍ አለ። ሚጣም የበኩሏን ሳበች። ጥፍ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ነበሩ፤ የሰው የትኛው እንደሆነ፣ የብረቱ የትኛው እንደሆነ የሚለይ ጆሮ የለም። ማጠፊያው ቀና አለ። ፊቷ እዚያው ነበር፤ እንደ ድሮው፣ በመኪናው ውስጥ ከወዲያ ማዶ።

እጁን አነሳ። መዳፉ ጣሪያውን ነካ።

ሚጣ አየችው። እጁን አየች፤ ፊቱን አየች። ሁለት እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ፤ እዚያው ተወቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እንዳለችውም መስኮቱ ከፍ ይላል፤ በእሷ ቁመት እንኳ ጎረቤቶቹ ከአገጫቸው በላይ ብቻ ነው የሚታዩት።

«ዘጋችሁ?» አለ ጎማ ነጋዴው።

«ዘግተዋል፤ ሂድ» አለች እናትየው።

መኪናዋ ሄደች። ጎማ ነጋዴው በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ሳቀ። «ምነው ጋሼ፣ ጣሪያው ዝቅ አለብህ እንዴ? አስተያየት ካለህ ንገረን እንጂ!»

«አይ፣ ጥሩ መኪና ነች» አለ ማጠፊያው። እጁን ገና አላወረደም ነበር።